ሁሉንም ማዳን ካልተቻለ የትኛው ይቅደም?

ባለመነፅሩ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ቫኪታ ሳነብ ከርሜ ራሴን አዙሮኛል። ለማያውቃት፣ ቫኪታ ሜክሲኮ ባለው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ብቻ የምትኖር ዶልፊን መሰል ትንሽ አጥቢ ናት። ዓይኗ ዙሪያውን የተኳለ ይመስላል። ሳይንስ በስም ያወቃት በ1958 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዛሬ የቀሩት 10 ያህል ወይም ከዚያ በታች ናቸው።

የሚያስለቅሰው፣ ሆን ብሎ እሷን የሚያጠምድ ሰው የለም። ቶቶአባ የሚባል ትልቅ ዓሣ አለ፤ የሆዱ የአየር ከረጢት ቻይና ውስጥ በውድ ይሸጣል። መረቡ የሚዘረጋው ለእሱ ነው። ቫኪታዋ ትገባበታለች፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት ያቅታታል፣ ታፍና ትሞታለች። በ2017 ባለሙያዎች ይዘው በጥበቃ ሥር ሊያኖሯቸው ሞከሩ። አንዷ እጃቸው ላይ ሞተች፤ ሥራውም በዚያው ቆመ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ እስካሁን ከ160 ሺህ በላይ ዝርያዎች ተመዝነዋል። ከ45 ሺህ በላይ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ አለባቸው። ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብም ባለሙያም የለም። ታዲያ ቫኪታ ላይ መልፋቱ ይቀጥል? ወይስ ይብቃ ተብሎ ገንዘቡ ማንም ፎቶ ወደማያነሳቸው እንቁራሪቶች ይሂድ? "ፍጥረት ሁሉ እኩል ነው" የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው መምረጫ ነው። ምረጡ ብትባሉ በምን ትመርጣላችሁ?

የማታ ተረኛ

የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ይሄ ጥያቄ እኛ ጋ አዲስ አይደለም። አደጋ ደርሶ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲገባ የምንሮጠው በጣም ወደሚጮኸው አይደለም። የሚጮህ ሰው ቢያንስ ትንፋሽ አለው። "አሁን ብንደርስለት የሚተርፍ፣ ካልደረስንለት የሚሞት የቱ ነው?" ብለን ነው የምንጀምረው። አንዳንዱን ደግሞ አልፈነው እንሄዳለን። ከባድ ነው፣ ግን ይደረጋል።

እንስሳቱም ላይ ያው ነው ባይ ነኝ። ፓንዳ አርማ አለው፣ አሻንጉሊት አለው፣ ወዳጅ ሞልቶታል። በ2016 ደረጃው "አደጋ ላይ ያለ" ከሚለው ወደ "ተጋላጭ" ተሻሽሏል፤ እሰየው። ቫኪታን ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ብሆን አልፌያት ነበር የምሄደው።

ወፍ አየሁ

እህቴ፣ ሥራሽን አከብራለሁ። በዚህ ሂሳብ ብንሄድ ኖሮ ግን የቻታሟ ጥቁር ሮቢን ዛሬ አትኖርም ነበር።

ከኒው ዚላንድ በስተምሥራቅ ቻታም የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ብቻ የምትገኝ፣ እፍኝ የማትሞላ ጥቁር ወፍ ናት። በ1980 በዓለም ላይ የቀሩት 5 ነበሩ። ከአምስቱ ፍሬ የሚይዝ እንቁላል የምትጥለው አንዲት ሴት ብቻ። እግሯ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ስለነበራት "ኦልድ ብሉ" ይሏታል። በዝርያዋ ዕድሜ አሮጊት ነበረች።

ዶን ሜርተንና ባልደረቦቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እንቁላሏን አንስተው የሌላ ዝርያ ወፍ ጎጆ ውስጥ አስቀመጡት። ያቺኛዋ የራሷ መስሏት ታቅፋ ትፈለፍላለች። ኦልድ ብሉ ደግሞ ጎጆዋ ባዶ ሲሆንባት እንደገና ትጥላለች። እንዲህ እያሉ አበዟት። ዛሬ ከ200 በላይ ናቸው፤ ሁሉም የእሷ ዘር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ በጣም ስለሚገርመኝ ነው። አንዳንዶቹ ሴቶች እንቁላሉን ጎጆው ከንፈር ላይ ይጥሉት ነበር። እዚያ የተጣለ እንቁላል አይፈለፈልም። ሰዎቹ አዝነው በጣታቸው ወደ ውስጥ ይገፉታል። ጫጩቱ ይወጣል፣ የእናቱን አመል ይወርሳል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሲታይ ከሴቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከንፈር ላይ የሚጥሉ ሆነዋል! መግፋቱን ሲተዉት አመሉ እየቀነሰ ሄደ።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ለአምስት ወፍ አልጋ የሚሰጥ የትኛው ድንገተኛ ክፍል ነው?

የማታ ተረኛ

ገብቶኛል። ግን ኦልድ ብሉ አንዴ ተገኘች ማለት ሁሌ ትገኛለች ማለት አይደለም። ተለፍቶባቸው የጠፉትን ማን ያወራላቸዋል?

አሃዝ ወዳጅ

የምትከራከሩበት ነገር ከተሠላ ቆይቷል። በ1998 ማርቲን ዋይዝማን የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ ነገሩን የኖኅ መርከብ ብሎ አሰላው። መርከቡ ጠባብ ነው፤ ማን ይሳፈር? ስለ እያንዳንዱ ዝርያ አራት ነገር ትጠይቃለህ። ከሌሎቹ ዝርያዎች በዘሩ ምን ያህል ይለያል? ምን ያህል ይጠቅመናል፣ ወይም ምን ያህል እንወደዋለን? ብንረዳው የመትረፍ ዕድሉ በስንት ይጨምራል? ስንት ያስወጣል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደምር፣ በሦስተኛው አባዛ፣ ለአራተኛው አካፍል። በቃ። ሂው ፖሲንግሃምና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ አካሄድ ለሥራ በሚመች መልኩ አዘጋጅተው በ2009 አሳተሙት። ኒው ዚላንድም የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስም ተጠቅመውበታል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሦስተኛውን ነው። "ስንት ቀሩ" እና "እጃችንን ብናስገባ ምን ይለወጣል" ለየቅል ናቸው። ጥቁሯ ሮቢን 5 ብቻ ብትሆንም ችግሯ የታወቀ፣ ደሴቷ ትንሽ፣ ሥራው የጥቂት ሰዎች ልፋት ነበር። በቀመሩ ታልፋለች። ወፍ አየሁ፣ ደስ ይበልህ።

ቫኪታዋ ሌላ ናት። በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናት አለ። ቁጥራቸው እንዲህ ቢያንስም የቅርብ ዘመዳሞች መዋለድ ብቻውን አያጠፋቸውም፣ መረቡ ከምር ከተነሳ ሊያገግሙ ይችላሉ ይላል። ስለዚህ ዕድሉ አለ። የጠፋው መረቡን የሚያስነሳ ነው። ሕግ ካልተከበረ ገንዘብ ብትከምርበትም ሦስተኛው አሃዝ ንቅንቅ አይልም።

ተጠራጣሪ

በምድር ላይ ከኖሩት ዝርያዎች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጠፍተዋል፤ አብዛኞቹ ሰው ሳይኖር። ዳይኖሰር ሲጠፋ ማን አለቀሰ? እሱ ባይጠፋ እኛም አንኖር። ተፈጥሮ ሥራዋን ትሥራ። የቀረው የሀብታም ጨዋታ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ቁጥሩን አውቀኸዋል፤ ጊዜውን ነው የረሳኸው። ያ 99 በመቶ የጠፋው በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነው። የስቴለርን የባሕር ላም ውሰድ። በ1741 የሳይንስ ሰው አያት፣ በ1768 ሥጋዋ ተበልቶ አለቀ። 27 ዓመት። ተሳፋሪዋ ርግብ በሰሜን አሜሪካ በቢሊዮን ትቆጠር ነበር፤ የመጨረሻዋ መስከረም 1 ቀን 1914 ሲንሲናቲ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ሞተች። ዳይኖሰሮቹ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲጠፉ የተረፈው ሕይወት እንደገና እስኪበዛና እስኪለያይ ሚሊዮን ዓመታት ፈጅቶበታል። አዲስ ዝርያ ይተካል ብለህ የምትጠብቅ ከሆነ ወንበር ስበህ ተቀመጥ።

"የሀብታም ጨዋታ" ላልከው ደግሞ የሕንድን ጥንብ አንሳ ልንገርህ። ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ።

እስከ 1980ዎቹ ሕንድ ውስጥ ጥንብ አንሳ ተቆጥሮ የማያልቅ ነበር። በዚያን ጊዜ "የትኛውን እናድን?" ተብሎ ዝርዝር ቢወጣ እሱን የሚጽፍ አይገኝም። በ1990ዎቹ መርገፍ ጀመረ። ዛፍ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ቆይቶ ከነነፍሱ ወይም ሞቶ ይወድቃል። ሬሳው ሲከፈት ጉበቱና ልቡ ኖራ የተለቀለቀ ይመስላል። ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም በሽንት መውጣት የነበረበት ዩሪክ አሲድ ሆድ ዕቃው ላይ ነጭ ሆኖ ጠጥሯል። መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ ነው ተባለ። በ2004 በሊንዚ ኦክስ የሚመራ ቡድን ምክንያቱን አሳተመ። ዳይክሎፌናክ ነው። እኛ ወገባችንን ሲያመን የምንውጠው። ገበሬው ለታመመች ላሙ ይሰጣታል፣ ላሟ ካልዳነች ትሞታለች፣ ጥንብ አንሳው ይበላታል፣ እሱም ይሞታል። ነጭ ወገቡ ዝርያ ከ99 በመቶ በላይ አለቀ።

የሚያጸዳው ሲጠፋ ጥንቡ የትም ተጣለ፣ ውሃም ተበከለ። ውሻ በዛ። ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ መጣ። በ2024 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ተጨማሪ የሰው ሞት ከዚህ ጋር አያይዞታል። የሞቱት ሀብታሞች አይመስሉኝም።

መፍትሔው ተአምር አልነበረም። ሜሎክሲካም የሚባል ሌላ መድኃኒት ላሟን ያክማል፣ ወፉን አይነካም። ሕንድ በ2006 ዳይክሎፌናክን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ፤ እዚህ ላይ ቅጠሉ የመጣው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ስለዚህ ባለመነፅሩ፣ መምረጫ ካልከኝ፣ እኔ የመጨረሻዎቹን አሥር ከመቁጠር በፊት ገና በሚሊዮን እያለ በፍጥነት የሚቀንሰውን አያለሁ። ቀይ መዝገቡ ራሱ ዝርያን የሚመዝነው በቀሪው ብዛት ብቻ አይደለም። በአሥር ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ 80 በመቶ የቀነሰ ዝርያ፣ ብዙ ቢቀርም፣ "እጅግ አስጊ" የሚለው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ተጠራጣሪ

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የነገሩኝ ስለሚጠቅም እንስሳ ነው። ለሚጠቅመውማ እኔም አልከራከርም። የማይጠቅመውስ?

የካሊፎርኒያን ኮንዶር፣ ግዙፍ ጥንብ አንሳ ነው፣ ለማዳን እስከ 1987 የቀሩትን 27ቱን በሙሉ ይዘው አስገቡ። በጣም ጥሩ፤ ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው። ግን ሲይዟቸው ቅማላቸውን በመድኃኒት አጸዱ። ያ ቅማል ኮንዶር ላይ ብቻ የሚኖር ራሱን የቻለ ዝርያ ነበር። ድራሹ ጠፋ። አንዱን ሲያድኑ አንዱን ጨረሱ፣ አንድም ሰው አላዘነለትም። ጊኒ ዎርምስ? በ1980ዎቹ በዓመት ሚሊዮኖችን ያሰቃይ የነበረ ትል ነው። አሁን በዓመት የሚያዘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሲጠፋ ጮቤ ነው የምንረግጠው። እና "ሁሉም ይዳን" የሚል ሰው ካለ እስቲ እነዚህን ይመልስልኝ።

ጥቃቅን

በስንት ጊዜው ስለ ቅማል የሚያወራ ሰው መጣ! እኔ አዝኜለታለሁ፣ መዝግብልኝ። ኮንዶሩን ይጎዳው እንደነበር እንኳ ማስረጃ የለም። በሌላ እንስሳ ላይ ብቻ የሚኖሩ ጥገኛ ዝርያዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ባለቤቱ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፣ ማንም አይቆጥራቸውም።

ለጊኒ ዎርም አልሰለፍም። ሰው እግር ውስጥ ሜትር ሙሉ ሆኖ የሚወጣ ትል ይሂድ፤ እዚያ ላይ ኅሊናዬ አይወቅሰኝም። ግን "የሚጠቅም" እና "የማይጠቅም" ብለህ ስትከፍል አስቀድመህ ታውቃለህ እንዴ?

አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ሁለት የእንቁራሪት ዝርያዎች ነበሩ። እናቲቱ እንቁላሎቿን ትውጣለች። ተሳስታ አይደለም፣ ለማሳደግ ነው። ጨጓራዋ አሲድ ማመንጨት ያቆማል፣ ማኅፀን ይሆናል። እሷም ጾሟን ትከርማለች። ሳምንታት ቆይቶ ልጆቿ እግር አውጥተው በአፏ በኩል አንድ በአንድ ይዘላሉ። ከዚያ ጨጓራዋ ወደ ጨጓራነቱ ይመለሳል። የጨጓራ አሲድ እንዴት እንደሚቆምና እንደሚመለስ ማወቅ ጨጓራው ለሚያቃጥለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጥናቱ ገና ሲጀመር፣ በ1980ዎቹ፣ ሁለቱም ጠፉ። በአንጻሩ ጊላ የሚባለው መርዛማ እንሽላሊት ተርፏል። መርዙ ውስጥ የተገኘውን ነገር መነሻ አድርጎ የተሠራ የስኳር ሕመም መድኃኒት በ2005 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። አንተ ዝርዝር አውጪ ብትሆን ኖሮ እንሽላሊቱን ትጽፈው ነበር?

ተጠራጣሪ

አልጽፈውም ነበር። አንድ ለዜሮ።

የእርሻ ልጅ

ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ የቀረ ነገር አለ። እናንተ የምትመርጧቸው እንስሳት አብዛኞቹ ከእናንተ ጋር አይኖሩም። ሕንድ ውስጥ ዝሆን በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይገድላል። አንበሳ ጥጃ የሚበላው በፎቶ ከሚወደው ሰው በረት አይደለም። ሩቅ ያለው ይመርጣል፣ ቅርብ ያለው ይከፍላል። "በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት" እንደሚባለው ነው።

ቀመሩ ውስጥ "ስንት ያስወጣል" የሚል አለ አላችሁ። ማንን ነው የሚያስወጣው? የባለሙያውን ደሞዝና የመኪናውን ነዳጅ ትደምራላችሁ። የገበሬው ማሳ አይደመርም። የተበላበት ሰው ደግሞ መርዝ ያለው ሥጋ ያስቀምጣል፣ ወጥመድ ያጠምዳል፣ የእናንተም ምርጫ እዚያው ያልቃል።

የዓረቢያን ኦሪክስ፣ ማለትም ሳላውን፣ እዩ። በ1972 ከዱር ጠፋ። በማቆያ የተራባው በ1982 ኦማን ውስጥ ወደ በረሃው ተመለሰ። ጠባቂ የሆኑት የአካባቢው የሐራሲስ አርብቶ አደሮች ናቸው። በ1996 ቁጥሩ 450 ደረሰ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ግን ሕገ ወጥ አዳኝ እየያዘ ወደ ሌላ አገር ለሀብታሞች ግቢ ይሸጠው ጀመር። በ2007 የቀረው 65 ነበር። መንግሥት የተከለለውን ቦታ በ90 በመቶ ሲቀንሰው ዩኔስኮ በዚያው ዓመት ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው። ከመዝገቡ የተሰረዘ የመጀመሪያው ቅርስ እሱ ነው። ዝርያው ሌሎች አገሮችም ተለቆ ስለነበር አልጠፋም፤ እንዲያውም በ2011 ደረጃው ተሻሽሏል። ናሚቢያ ሌላ መንገድ ሞከረች። በ1996 ባወጣችው ሕግ በየአካባቢው የተደራጀ ማኅበረሰብ በመሬቱ ላይ ካሉት የዱር እንስሳት ገቢ እንዲያገኝ ፈቀደች። እዚያ እንስሳው ሲበዛ ጎረቤቱም ያገኛል። እኔን ብትጠይቁኝ ከዝርያው በፊት ጎረቤቱን ነው የማየው።

ባለመነፅሩ

የእርሻ ልጅ፣ ይሄ ያልጠበቅሁት ማዕዘን ነው። አሃዝ ወዳጅ፣ የጎረቤቱ ኪሳራ ቀመሩ ውስጥ ይገባል?

አሃዝ ወዳጅ

መግባትማ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያስገቡትም፣ እውነቱን ነው።

እግረ መንገዴን የበለጠ የሚያናድድ ነገር ልንገራችሁ። ዝርዝሩ ራሱ የቆመበት መሬት ሁሌ ጽኑ አይደለም። አሜሪካ፣ ቴኔሲ ውስጥ በ1973 ጣት የምታክል ዓሣ ተገኘች፤ ስኔይል (ቀንድ አውጣ) ዳርተር የተባለችውም ቀንድ አውጣ ስለምትበላ ነው። በዚያው ዓመት አስጊ ዝርያዎችን የሚጠብቀው ሕግ ወጣ። ያለችበት ወንዝ ላይ ደግሞ ግድብ እየተሠራ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1978 ፍርድ ቤቱ ሊያልቅ የደረሰው ግድብ ይቁም ብሎ ፈረደ። ኮንግረስ ነገሩ ከበደውና የትኛው ዝርያ ሊተው እንደሚችል የሚወስን ኮሚቴ አቋቋመ። ሕዝቡ "የአምላክ ጓድ" የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ማን ይኑር ማን ይሙት ስለሚል። ኮሚቴው መርምሮ ለዓሣዋ ወሰነ፤ ግድቡ በራሱ አያዋጣም አለ። ኮንግረስ በ1979 ከነጭራሹ ግድቡን ከሕጉ ነፃ አወጣው።

ዓሣዋን ወደ ሌላ ወንዝ ወሰዷት። ሌሎች ወንዞች ውስጥም ተገኘች። በ2022 "ድናለች" ተብላ ከዝርዝሩ ወጣች። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ተመራማሪዎች መጥተው፣ ይቺ ራሷን የቻለች ዝርያ አይደለችም፣ የሌላ የታወቀ ዓሣ ወገን ናት አሉ! የማይስማሙም አሉ። ለእኔ ግን የኮሚቴው ነገር ነው የሚበልጥብኝ። ስሜት የሌላቸው ባለሥልጣናት ቁጭ ብለው ሂሳቡን ሲሠሩ ከዓሣዋ በፊት የወደቀው ግድቡ ነበር። "እንስሳ ወይስ ልማት" የሚባለው ላይ ሁለተኛውን ወገንም መመዘን የሚረሳ ብዙ ነው።

የማታ ተረኛ

ከሥራ ወጥቼ ነው፣ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ስለ ፍጥነት ማንም አላነሳም።

የአውስትራሊያ በሆነችው የክሪስማስ ደሴት የምትኖር የሌሊት ወፍ ነበረች፤ ክብደቷ ከ3 እስከ 4 ግራም። በ1980ዎቹ በደሴቲቱ እንደልብ ትታይ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየቀነሰች እንደሆነ ይታወቅ ነበር፣ በወረቀት ተጽፏል። በ2009 መጀመሪያ ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ ይዘን እናራባ የሚል ምክር ቀረበ። የባለሙያዎች ቡድን ይቋቋም ተባለ። ቡድኑ መከረ። ፈቃዱ በዓመቱ አጋማሽ መጣ። በነሐሴ ያዦቹ ደሴቲቱ ላይ ሲደርሱ የቀረችው አንዲት ነበረች። የሌሊት ወፍ የሚያሰማውን ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ አለ፤ ነሐሴ 26 ለሊት ድምፅዋን ቀረጸ። ከዚያ ወዲያ አልተሰማችም። በ2017 ጠፍታለች ተብሎ ታወጀ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኛ ጋ ምርጫው የደቂቃዎች ነው። እዚህ ስምንት ወር አስቦ በሽተኛው ሲሞት "ውሳኔው ከባድ ነበር" ይባላል። አልመረጧትም እንኳ፣ እምቢም አላሏትም። እኔ አልፌያት እሄዳለሁ ያልኩት አንዱን ትቼ ሌላው ላይ ለመድረስ ነው። እዚህ ማን ላይ ደረሱ?

አዲስ ገቢ

ሰላም፣ ገና መግባቴ ነው። ቀይ ቀበሮስ በእናንተ መምረጫ ታልፋለች? ያደጉት ከ500 በታች ናቸው የሚባለውን ሰምቼ ነው።

ጡረተኛው መምህር

እንኳን ደህና መጣህ። በእኔ ሚዛን ከማንም በፊት ታልፋለች። ዋናው ገዳይዋ ታውቋል። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ነው፤ ሁለቱም ከቤት ውሻ ይተላለፋሉ። በባሌ ተራሮች በሽታው በገባባቸው ዓመታት ብዙ አልቀዋል። ውሾቹን ስትከትብ ቀበሮዋ ትተርፋለች፣ እረኛውም አይነከስም። በ2018 ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። የእርሻ ልጅ፣ ይሄኛው ጎረቤቱንም ይጠቅማል።

የእርሻ ልጅ

እስማማለሁ መምህር። እንዲህ ዓይነቱን አምጡልኝ፣ መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ባለመነፅሩ

እሺ፣ ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ የራሴን ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ብር ምክንያቱ ለታወቀና መፍትሔው ርካሽ ለሆነ፤ እንደ ጥንብ አንሳው፣ እንደ ቀበሮዋ። ቀጥሎ ዘመድ ለሌላቸው። የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ከ2007 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ለይቶ ያወጣል፤ አንዱ ሲጠፋ አንድ ሙሉ የዘር ግንድ ነው አብሮ የሚሄደው። ለቫኪታ ገንዘብ አልጨምርም፣ ለመረቡ ግን እጮሃለሁ። የሰሜኑን ነጭ አውራሪስ ዝርዝሬ ላይ አታገኙትም። የመጨረሻው ወንድ፣ ሱዳን፣ በ2018 ኬንያ ውስጥ ሞቷል። የቀሩት ናጂንና ፋቱ፣ እናትና ልጅ፣ ሁለቱም ማርገዝ አይችሉም። ላቦራቶሪ ውስጥ ፅንስ እየሠሩ በደቡቡ ነጭ አውራሪስ ማኅፀን ሊያሳድጉ ነው። ያ ገንዘብ ስንት እንቁራሪት ያድናል?

ወፍ አየሁ

አልስማማም! የደቡቡ ነጭ አውራሪስ ራሱ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከ100 በታች ነበር። ዛሬ ከ15 ሺህ በላይ ነው። ያኔ አንተ ብትኖር ሰርዘኸው ነበር። በ2024 መጀመሪያ እንደተነገረው ደግሞ የደቡቡ አውራሪስ ፅንስ በዚሁ ዘዴ ተደርጎ አረገዘች፤ ፅንሱ 70 ቀን ሆኖት ነበር። እናቲቱ በሌላ ኢንፌክሽን ባትሞት... ዘዴው ይሠራል ማለት ነው። እንቁራሪትን በአውራሪስ አታስፈራራኝ። አውራሪስ ብሎ የሚሰጥ ሰው ለእንቁራሪት አይሰጥም፣ ገንዘቡ አንድ ኪስ ውስጥ አይደለም ያለው።

ባለመነፅሩ

የመጨረሻዋ ነጥብህ ታስኬዳለች። ስለ ደቡቡ ግን፣ እሱ ያኔ ዱር ውስጥ ወንድም ሴትም ነበረው። ናጂንና ፋቱ የላቸውም። አልተስማማንም፣ ይቅር።

ጥቃቅን

ስለ አውራሪስ ካነሳችሁ፣ አውራሪስ ጨጓራ ውስጥ ብቻ እጭ ሆኖ የሚያድግ ዝንብ አለ። ከአፍሪካ ዝንቦች በግዝፈት የሚስተካከለው የለም። እሱንስ የትኛው መደብ ውስጥ እናስገባው?

አሃዝ ወዳጅ

ወጪው ዜሮ ነው። አውራሪሱ ከዳነ እሱም ይድናል፤ እንደ ኮንዶሩ አጽድተው ካልለቀቁት።